በየኅዳሩ በረዶ ላይ ስለሚያቆሙት ሰው

ለክብርት ኢኔሳ ጌርማኖቭና
የ«ሰማያዊ ነበልባል» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ
ሃርቭ-ሳሌ ከተማ

ክብርት ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ ከሰላጤው ሰሜን ዳር ተነሥታ ጠረጴዛዎ ላይ እስክታርፍ ድረስ ወገብዎ ከቁርጥማት፣ መስኮትዎ ከንፋስ፣ ሻይዎ ከመቀዝቀዝ ተጠብቆ እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ። እርስዎም በበኩልዎ ስለ እኛ ጤና ጠይቀውን ቢሆን ኖሮ «ደኅና ነን» ብለን እንመልስልዎ ነበር፤ ጋዜጣዎ ግን ሳይጠይቀን ደኅና መሆናችንን በየሳምንቱ ስለሚያትምልን ይህን ድካም አስቀርተውልናል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ስሜ ፓፓኮ ላምዶ ይባላል። አጋዘን አርቢ ነኝ። አዳሪ ትምህርት ቤት እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምሬ፣ ሰባተኛን ያጠናቀቅሁት በበሩ ሳይሆን በመስኮቱ በኩል ነው። ይሁንና ፊደል አላጣሁም፤ መምህራችን የማንበቢያ መጽሐፍ ሲያልቅባት የእርስዎን የቆዩ ጋዜጦች ስታድለን ስለኖረች፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የተሳሳተ ቃል ቢያገኙ የዘመድ ያህል ይወቁት፤ ከእርስዎ ቤት የወጣ ነው።

አቤቱታዎቼን በቁጥር አቅርቤያለሁ። በቁጥር የቀረበ ነገር ለባለሥልጣን ዓይን እንደማይከብድ ሰምቻለሁና።

፩ኛ/ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስላስተማሩን ላመሰግን። ዘንድሮ በጸደይ ለውጥ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ከመሬታችን በሚወጣው ጋዝ የሚቀኑ የውጭ ሰዎች የፈጠሩት ሐሜት እንደሆነ ጻፉልን፤ እኛም ተረጋጋን። በበጋ ደግሞ ለውጡ እንዳለ፣ ነገር ግን ለእኛ በረከት እንደሆነ፣ ለማሞቂያ የሚወጣው ወጪ እንደሚቀንስና በደጃችን ጎመን እንደሚበቅል ጻፉልን፤ ደስ አለን። በመጸው ለውጡ እንዳለም፣ መጥፎ እንደሆነም፣ ጥፋቱ ግን አለልክ ሣር የሚበሉት የእኛ አጋዘኖች እንደሆነ ጻፉልን፤ ይኼኔ አጋዘኖቹን ሰብስቤ አነበብኩላቸው፤ አንዳቸውም አልተጸጸቱም። ሦስቱም ጽሑፎች በአንድ ዓመት፣ ሦስቱም በእርስዎ ፊርማ ስለወጡ እናቴ ግራ ገብቷት «ይቺ ሴትዮ እኅቶች አሏት እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጋዙ ይዘጋ የምል ሰው እንዳልመስልዎ። እኅቴ በጋዝ ኩባንያው ምግብ ቤት ሾርባ ታማስላለች፤ የበረዶ ሞተሬም በአጋዘን ሽንት አይነሣም። ጋዜጣዎም እንጀራውን የሚበላው ከኩባንያው ማዕድ እንደሆነ አገር ያውቃል፤ በሰው ማዕድ የተቀመጠ ሰው ወጡ ጨው በዝቶበታል አይልም። ይህን ሁሉ እረዳለሁ። እኔን የቸገረኝ ስለ ወጡ ዝም ማለትዎ ሳይሆን ስለ በረዶው መናገርዎ ነው፤ ወደዚያም እመጣለሁ።

፪ኛ/ በነሐሴ ወር ወደ ዝግጅት ክፍልዎ ስልክ ደውለው «በቅርብ ዓመታት በሰላጤው ዳር ሐብሐብ ይበቅላል» ያሉት የዋና ከተማው ፕሮፌሰር እኔ ነበርኩ። አፍንጫዬን በሁለት ጣት ይዤ ነው የተናገርኩት። በማግስቱ በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከሐብሐብ ሥዕል ጋር፣ «ሳይንስ ለሰሜናችን ብሩህ ዘመን ተነበየ» ተብሎ ሲወጣ ሰፈራችን በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንዲት አሮጊት ግን አምነው ዘር ከየት እንደሚገኝ ጠየቁኝ።

ባለፈው ወር ዝናብ በአመዳዩ ላይ ዘነበ። በዚያ ወር ዝናብ እኛ ዘንድ እንግዳ ነው፤ የወረደው ውሃ በማግስቱ እንደ ብረት ክዳን መሬቱ ላይ ግግር ብሎ ቀረ፤ አጋዘን ደግሞ ሣሩን የሚያወጣው በሰኮናው ቆፍሮ ነው፤ ብረት አይቆፈርም። ያኔ አፍንጫዬን ለቅቄ፣ በራሴ ድምፅ ደወልኩ። ያነሣው ግሌብ የሚባለው ወጣት ዘጋቢዎ ነበር፤ ጨዋ ልጅ ነው።

«የሥራ መደብዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አጋዘን እጠብቃለሁ።»

«ምንጭ ያስፈልገናል እኮ፣ ወንድሜ።»

«ምንጩ እግሬ ሥር ነው። እየረገጥኩት ነው የማወራህ።»

«ማለቴ የሚያረጋግጥልን ሰው። ባለሙያ፣ ባለሥልጣን፣ እንዲህ ያለ።»

«የሐብሐቡን ማን አረጋገጠላችሁ?»

«እሱንማ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት» አለና ዘጋው። ቅር አላለኝም። አፍንጫ መያዝ ነበረብኝ።

፫ኛ/ ይህ አጭር ነው። መሥሪያ ቤትዎ የቆመበት መሬት ከጥንት ጀምሮ በረዶ ሆኖ የኖረ መሬት ነው፤ አሁን እየሟሟ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ግድግዳችሁ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ የኩባንያው የቀን መቁጠሪያ እንደተለጠፈበት፣ ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ እርሳስም ማንም ሳይነካው ተንከባሎ እንደሚወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። እርሳሱ ከወደቀ በኋላ ጸሐፊዎ ጎንበስ ብላ አንሥታ፣ «መሬታችን እንደ ወትሮው ጽኑ ነው» የሚለውን የእርስዎን ጽሑፍ መተየቧን ቀጠለች። ለሥራ ያላትን ትጋት አደንቃለሁ።

፬ኛ/ አሁን ወደ ፎቶግራፉ።

በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ በፊት ገጽዎ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ያወጣሉ። አንድ ሰው በሰላጤው መካከል፣ የመርከቦች ምልክት ከሆነው የብረት ማማ ሥር፣ ረጅም የአጋዘን መንጃ ዘንጉን ይዞ በረዶ ላይ ቆሞ ይስቃል። ከላይ «ብርዱ በሰዓቱ ገባ» ይላል፤ ከታች የሰውየው ስም አለ። ፎቶግራፉን ያነሣው የእርስዎ ሰው ነው፤ ያነሣውም ብርዱ እውነትም በሰዓቱ ገብቶ በነበረበት ዓመት ነው። ጥሩ ፎቶግራፍ ነው፤ ነቀፋ የለኝም።

ሰውየው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራው መንጋው ሰላጤውን ከመሻገሩ በፊት ብቻውን ቀድሞ በዘንጉ በረዶውን እየወጋ መንገድ ማየት ነበር፤ እሱ «ኑ» ካለ ሰው ሁሉ ይሄዳል። የዛሬ ሦስት ዓመት በረዶው ዘገየ፤ ከማማው ሥር በረዶው ተደርምሶበት ውሃ ውስጥ ገባ፤ አላገኘነውም። ጋዜጣዎ በዚያ ሳምንት «የጥንቃቄ ደንብ ባለማክበር በአንድ ዜጋ ላይ ጉዳት ደረሰ» የምትል አንዲት መስመር አወጣ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያንኑ ዜጋ፣ እዚያው ማማ ሥር፣ እየሳቀ፣ «ብርዱ በሰዓቱ ገባ» በሚል አወጣው። ከዚያ ወዲህ አላቋረጡም።

እርስዎ እዚህ አገር ብዙ ስለኖሩ የሚያውቁት ነው፤ እኛ የሞተ ዘመዳችንን ስም አንጠራም። ሚስቱ አትጠራውም፣ ልጁ አትጠራውም፣ እኔ እንኳን፣ በምንም ነገር የምቀልደው፣ አልጠራውም። ሴቭኔ የምትባል ልጅ ስላለችው የሴቭኔ አባት እንለዋለን፤ መበለቲቱንም የሴቭኔ እናት። እናም የሴቭኔ እናት አምና ፎቶግራፉ እንዲቀር ልትለምን መሥሪያ ቤትዎ ድረስ መጣች። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ እርሳሱን ያየሁት ያኔ ነው። ጸሐፊዎ በትሕትና አስተናገደችን።

«የማን ፎቶ ነው፣ እናቴ?»

«ዘንግ የያዘው ሰው።»

«ብዙ ዘንግ የያዘ አለን። በስም ነው የሚፈለገው፤ ስሙን ይንገሩኝና ከማኅደሩ ላውጣው።»

የሴቭኔ እናት የሻርፗን ጫፍ አጥብቃ አሰረች።

«ስሙን ረሱት?»

«አልረሳሁትም።»

«ታዲያ ይበሉኛ! ሰልፍ አለ እኮ ከኋላ።»

ከኋላችን ሰልፍ አልነበረም፤ ጓንት የጠፋባቸው አንድ ሰውዬ ብቻ ማስታወቂያ ሊያስነግሩ ቆመው ነበር። እኔ «በቃ፣ የኅዳሩ ፎቶ» አልኩ። ጸሐፊዎም «ስም የሌለው አቤቱታ አንቀበልም» አለችን። የሴቭኔ እናት አመስግናት ወጣች። ደረጃው ላይ ቆም ብላ «ልጅቷ ብርድ ይዟታል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል» አለች። ይኸው ነው። የእርስዎ ጋዜጣ ስሙን በነፃ፣ በደማቅ ፊደል፣ ለአገር ሁሉ ያትማል፤ «ፎቶው ይቅር» ለማለት ግን ስሙን መጥራት ያስፈልጋል። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ከእኔ የበለጠ ቀልደኛ ስለሆነ ቢያስተዋውቁኝ ደስ ይለኛል።

የሚቀጥለውን ቁጥር አልሰጠሁትም። ቁጥር ቢኖረው አምስተኛ ይሆን ነበር።

ዘንድሮ ሁላችንም በሰሜኑ ዳር ነን። ሣሩ ከበረዶ ክዳን ሥር ስለቀረ አጋዘኖቹ እየከሱ ነው፤ ደኅናው ግጦሽ ከሰላጤው ማዶ ነው፤ በረዶው ደግሞ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የያዘው። የወንዙ ውሃ ከሥር ስለሚበላው መካከሉ፣ በተለይ የማማው አካባቢ፣ ሁሌም መጨረሻ ነው የሚጠነክረው። እኛ ይህን ስለምናውቅ እንጠብቃለን። ባለፈው ሳምንት ግን ኤዴይ የሚባል አጋዘን አርቢ የሰፈሩን ሰዎችና መንጋውን ይዞ ወደኛ ዳር መጣ። በራሱ መሻገሪያ የጋዝ መርከብ በረዶውን ሰንጥቆ ስላለፈበት ነው እንጂ እኛ ዘንድ ተሻግሮ አያውቅም። ሰነፍ ሰው እንዳይመስልዎ፤ በረዶ በማወቅ የተመሰከረለት ነው። ዳሩን በዘንግ ወጋ፣ ያዘለት። መካከሉን ሊያይ ሲነሣ ግን ስልኩ ላይ ጋዜጣዎ ወጣ፤ እዚህ ዳር የኩባንያው አንቴና በነፃ የሚከፍተው የእርስዎን ጋዜጣ ብቻ ነው። «ብርዱ በሰዓቱ ገባ።»

በማግስቱ ጠዋት በአጋዘን የሚጎተቱ የበረዶ ጋሪዎቹን አስሮ፣ ሕፃናቱን በቆዳ ጠቅልሎ ከነእናቶቻቸው ጭኖ፣ መንጋውን ወደ ዳሩ አወረደ።

«ኤዴይ፣ አትሂድ፤ መካከሉ አልያዘም» አልኩት።

«ኧረ ተዉን! እናንተ የዚህ ዳር ሰዎች ፈሪ ሆናችኋል» አለ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ። «ይኸው የትናንት ጋዜጣ። ሰውዬው ማማው ሥር ቆሞ ጥርሱን ያሳያል። ዘንጉን አየኸው? የኛው ሰው ነው፣ የከተማ ሰው አይደለም። እዚያ ከያዘ የትም ይይዛል።»

«አሮጌ ፎቶ ነው። ሰውዬው ሞቷል።»

«ይሄ ልጅ! በቀደም ሐብሐብ የዘራኸው አንተ አይደለህ? ዛሬ ደግሞ ሰው መግደል ጀመርክ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አፌ ለምዶበታል።

እናቴ ጣልቃ ገባች። «እውነቱን ነው፣ ወንድሜ። የሴቭኔ አባት ነው።»

«የሴቭኔን አባትማ አውቀው የለም እንዴ፤ ነፍሱን ይማር። ይሄ ግን ሌላ ስም ነው የተጻፈበት። ፊቱስ የታለ፣ ኮፍያ ብቻ!»

የተጻፈው የመታወቂያ ስሙ ነበር፤ ኤዴይ የሚያውቀው የሰፈር ስሙን ነው። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ለመናገር ሁለቱንም መጥራት ያስፈልግ ነበር፤ ያንን ደግሞ እኔም እናቴም አናደርገውም። አንዱ ሕፃን ጋሪው ላይ ሆኖ ማልቀስ ጀመረ። የመሪው ጋሪ አጋዘኖች ከዳሩ አልፈው በረዶውን ረግጠዋል።

የሴቭኔ እናት ከድንኳኗ ወጥታ መጣች። ኤዴይ ኮፍያውን አወለቀላት።

«እኅቴ፣ አንቺ ንገሪኝ። ይሄ ቀልደኛ ነው፣ እናትየውም ለልጇ ታደላለች። እውነት ይሄ ሰው እሱ ከሆነ በአፍሽ ጥሪው። ያኔ አምናለሁ።»

ይህን ያላት ክፉ ስለሆነ አይደለም። የባሏን ስም ለቀልድ ወይም ለፍርሃት የምትጠራ መበለት እንደሌለች ስለሚያውቅ ነው።

ጠራችው። ሁለቱንም ስም ጠራች፤ መጀመሪያ እርስዎ የሚያትሙትን፣ ቀጥሎ እኛ የምናውቀውን። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ «ሻይ ፈልቷል» እንደምትል ሰው ነበር የተናገረችው። «ባሌ ነው። እዚያው ማማ ሥር ነው ያለው። በላዩ አትሂዱ።» ሴቭኔ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

ኤዴይ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሄዶ ሕፃናቱን በገዛ እጁ ከጋሪው ፈታ። ከሰዓት በኋላ ብቻውን በሆዱ እየተሳበ ወደ ማማው ሄደ፤ ገና ሳይደርስ ዘንጉን ቢወጋ ገንፎ እንደተወጋ ገባለት። ተመልሶ መጥቶ የሴቭኔ እናት ድንኳን ደጃፍ ላይ ቆመ፤ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ራሱ ድንኳን ሄደ። እሷ፣ የሞተ ሰው ስም የጠራ እንደሚያደርገው፣ የአጋዘን ጮማ አጭሳ አፏን፣ ልብሷን፣ የድንኳኑን በር አጥናለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲናገሯት ትመልሳለች፤ ከራሷ ግን ቃል አታወጣም። ሴቭኔ ከእናቷ ጋር ትበላለች፤ ፊቷን ግን አታያትም።

እኔ ምን እንደተሰማኝ ቢጠይቁኝ፣ ብዙም የተሰማኝ ነገር የለም። ጣት ሲደነዝዝ አያምም፤ የሚያመው እሳት ሲጠጋ ነው። እኔ ገና ወደ እሳቱ አልተጠጋሁም።

ስለዚህ፣ ክብርት ሆይ፣ ልመናዬ ሁለት ነው። ፎቶግራፉን ያውርዱልን። በቦታውም፣ ብዙ ገጽ ሳይፈጅብዎ፣ «በረዶው ገና ነው» ብለው ያትሙልን። ምክንያቱን አይጻፉ። ሞቃቱን ማን እንዳመጣው፣ ጋዙ ይሁን ፀሐይዋ፣ ባዕድ ይሁን አጋዘን፣ በሚቀጥለው ጸደይ ከእኅቶችዎ ጋር ተመካክረው ይደርሱበታል። በረዶው አለ ወይስ የለም የሚለው ብቻ ይበቃናል። ይህም ከበዛ «ገና» ብቻ ይበሉን፤ እንረዳዎታለን። ኤዴይ አሁንም ከኛ ጋር ይጠብቃል፣ አጋዘኖቹም ይጠብቃሉ፤ በታችኛው ዳር ያሉ ሰፈሮች ግን ያንኑ ስልክ ይዘው ያንኑ ፎቶግራፍ እያዩ ነው፤ እነሱ ዘንድ ደግሞ ስም የምትጠራላቸው መበለት የለችም።

የጋዜጣዎ የረጅም ጊዜ አንባቢ፣ የመስኮት ምሩቅ፣ የቀድሞው የሐብሐብ ፕሮፌሰር፣ በክብርትነትዎ ፊት እስከ መሬት፣ መሬቱ እስካለ ድረስ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ፓፓኮ ላምዶ
ከሰሜኑ ዳር

ማሳሰቢያ፦ አንድ ነገር ሳልነግርዎ ልዘጋው ነበር። እኛ የሞተ ሰው ስም የማንጠራበት ምክንያት ሐዘን አይደለም። ስሙን የጠራ ሰው ባለስሙን ጠርቶታል ማለት ነው፤ የተጠራም ይመጣል። የሴቭኔ እናት አንድ ጊዜ ጠራችው፤ እርስዎ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በፊት ገጽ፣ ከነአድራሻዎ። ሽማግሎቻችን እንደሚሉት የሞተ ሰው አዘውትሮ ወደጠራው ነው የሚሄደው። እናም አንድ ጠዋት ቢሮዎ ሲገቡ ኮሪደሩ ውሃ ሆኖ ቢያገኙት፣ የጽዳት ሠራተኛዋን እንዳይቆጧት በትሕትና እለምናለሁ።